ዘጠኝ ሴንቲሜትር የረዘመው ቱቦ

ሰኞ

31። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ 31 ሴንቲሜትር። ደብተሬ የሚለው 22 ነው። ቱቦ አያድግም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ራሴንም አላምንም። ጠዋት ሹፌሩ ሲሳይ ሚኒባሱን ወርክሾፓችን በር ላይ አቁሞ፣ "ከድር፣ ሳጥኑ አብጧል፤ ዝናቡ በኋላ በር ገብቶ ነው" አለኝ። ባለፈው ዓመት የሠራሁለት የቤዝ ሳጥን ነው፣ ከኋላ ወንበር ሥር የሚገባ፣ ሃምሳ ሊትር። ፈታሁት። ኤምዲኤፉ፣ ያ የተጨመቀ እንጨት፣ ሻይ ውስጥ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል፤ የሚጣል ነው። ስፒከሩን አወጣሁ። ሳጥኑ አየር የሚተነፍስበትን ቱቦም ለአዲሱ ሳጥን ይሆነኛል ብዬ ነቀልኩት። እጄ ላይ ረዘመብኝ።

የኔ አሠራር የታወቀ ነው። ቱቦው ስንት ሴንቲሜትር መሆን እንዳለበት በስሌት አወጣና ቁጥሩን ከሳጥኑ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ስፒከሩን ለጊዜው አስሬ፣ ቱቦውን ከስሌቱ ትንሽ አስረዝሜ አስገባለሁ። አንድ የማውቀው ዘፈን አለ፣ እሱን እከፍታለሁ። እየሰማሁ በትንሽ በትንሹ እቆርጣለሁ። ቱቦው ሲረዝም ቤዙ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባጠረ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። ስሌቱ መነሻ ነው፤ የሚወስነው ጆሮ ነው። ሰው አዲሱ ገበያ ድረስ የሚመጣልኝ ለጆሮዬ ነው እንጂ እንጨት የሚቆርጥማ ሞልቷል። የሲሳይ ሳጥን በስሌት 31 ነበር፣ በጆሮዬ 22 ላይ አቆምኩት።

ስለዚህ አንድ ሰው የኔን ቱቦ አውጥቶ ሌላ ተክቷል። ከኔ በኋላ ሳጥኑን የሚነካው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታምሩ። ስፒከሩን መጨረሻ ላይ የሚያስረው፣ ሽቦ የሚዘረጋው፣ ቱቦውን በሲሊኮን የሚያጣብቀው እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ልጄ ስትወለድ ከኔ ቀድሞ ያቀፋት እሱ ነው።

አጠገቤ ቆሞ ሽቦ እየላጠ፣ "ምን ሆነሃል?" አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። እውነትም አሞኝ ነበር።

ማክሰኞ

ሲሳይ ራሱ ነካክቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና አደርኩ። የሹፌር እጅ መቼ ያርፋል። ማረጋገጥ አለብኝ። ደብተሬንና ሜትሬን ይዤ ተራ ወደሚጠብቁት ሚኒባሶች ሄድኩ። "የሠራሁትን ልይ ብዬ ነው" እያልኩ በየሳጥኑ ቀዳዳ ሜትር ሰደድኩ።

ጎኑ የተጋጨው ሚኒባስ፦ ደብተሬ 19፣ ሜትሩ 27።
የሐሰን፦ 24፣ 33።
መጋረጃ ያለው፦ 20፣ 28።
የድሮው፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁት፦ 26፣ 26።

አንድ ብቻ! ከነዚህ ሁሉ አንድ ብቻ የኔ ነው። የቀሩት በኔ ስም የሚዞሩ የታምሩ ሳጥኖች ናቸው።

ሐሰን መሪው ላይ ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና፣ "ታምሩ አይቶት የለም እንዴ?" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ፊቴ መቅላቱ ታውቆኛል።

ዳገቱን እየወጣሁ ምክንያት ስፈልግለት ነበር። ስሜን ሊያጠፋ? ግን ማን አማረረ? ሁሉም "ቤዝህ አንጀት ያርሳል" ነው የሚሉኝ። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው? ያመሰገኑኝን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኩ። ትከሻዬን የመቱኝን፣ "እጅህ ይባረክ" ያሉኝን። እሱ ከጎኔ ቆሞ ፈገግ ይል ነበር።

ረቡዕ

ወጥመድ አዘጋጀሁ። በጓደኛዬ ላይ ወጥመድ! እዚህ ደረስን።

የሲሳይን አዲስ ሳጥን ሠራሁ። ቆረጥኩ፣ ኮላ ቀባሁ፣ አሰርኩ፣ ከሥር ውሃ እንዳይነካው ጎማ አደረግኩለት። ግድግዳው ላይ 31 ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ኮላው ሲይዝ ዘፈኑን ከፍቼ መቁረጥ ጀመርኩ። 30 ላይ ቤዙ የለም። 27 ላይ የለም። 24 ላይ መጣ መጣ አለ። 22 ላይ ደረቴን መታኝ። ያው 22። ጆሮዬ አይዋሽም አልኩ። ደስ አለኝ፣ በዚህ ሁሉ መሃል።

ቱቦውን አወጣሁና በውስጠኛው ጫፍ በማርከር "ከ" ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ መልሼ አስገብቼ ለታምሩ ሰጠሁት።

"እንዴት ነው?" አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

"አሪፍ ነው" አለኝ። ዓይኑ አልሸሸም። ይሄ ነው የገረመኝ። ውሸታም ዓይኑን ይሰብራል ይባል የለ እንዴ።

ሐሙስ

"ከ" የለም። 31።

ሲሳይ ሚኒባሱን ሊወስድ ሲመጣ "ቆይ፣ አንድ ነገር ይንቀጫቀጫል" ብዬ ገባሁና ባትሪ አበራሁበት። ንጹሕ አዲስ ቱቦ። ወጣሁ። ዝናብ ይጥላል። ታምሩ በሩ ላይ ቆሟል።

"የኔን ቱቦ የት ጣልከው?"

"የቱን?"

"ታምሩ!"

ሲሳይ ሞተሩን አስነስቶ ሹልክ አለ። ታምሩ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፣ ያልቆሸሸ እጁን። ከዚያ፣ "ከድር፣ አትሰማውም" አለኝ።

"ምኑን?"

"ታችኛውን ድምፅ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቤዙ ለሌላው ሰው ሲመጣ ላንተ አይመጣም፤ እስኪሰማህ ድረስ ትቆርጠዋለህ። ሲያጥር ደግሞ ሳጥኑ ጣሳ ይሆናል፣ ዘፈኑን ሁሉ በአንድ ድምፅ ይመታዋል።"

መጀመሪያ ቅሬታ ይዞ የመጣው አንድ ሹፌር ነበር አለ፣ እኔ ለቅሶ ሄጄ በነበረበት ቀን። ታምሩ ሳጥኑን ፈታ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን አየ። ቱቦውን ለካው፣ አልገጠመም። በጻፍኩት ቁጥር አዲስ ቆርጦ ከተተ። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እንደዚያ ያደርጋል።

"ከራሴ ምንም አልጨመርኩም፣ ያንተን ስሌት ነው ያስገባሁት" አለኝ።

ሌባ አልኩት። ውሸታም አልኩት። ሌላም የማይባል ነገር ተናገርኩ፣ እዚህ አልጽፈውም። ጆሮዬን እያማ ሥራዬን ሊነጥቀኝ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በዝናቡ ሄደ። ይሂድ።

አርብ

ከጁምዓ ስመለስ ለሰሚራ ሁሉንም ነገርኳት። አብራኝ ትናደዳለች ብዬ ነው፤ ሚስት አይደለች? ልብስ ታጥፍ ነበር፣ ማጠፏን አላቆመችም።

"ታውቂ ነበር?"

"ታምሩ ነግሮኛል" አለች። "እኔስ አላይም እንዴ? ከጓሮ ስጠራህ አትሰማም። ልጅህ በቀኝህ ሆና ስታወራህ ግራ ጆሮህን ልትሰጣት ትዞራለህ። ሐኪም ቤት ሂድ ስልህ ምን አልከኝ?"

ያልኩትን አስታውሳለሁ። "ጆሮዬ እንጀራዬ ነው፣ በሱ አትምጪብኝ" ነው ያልኩት። ሁለት ቀን አኩርፌያትም ነበር።

ቢሆንም! ሁለቱ ቁጭ ብለው ስለኔ ተነጋግረዋል፣ በኔ ቤት፣ እኔ ሳልኖር። ሲሳይም ያውቃል፣ ሐሰንም ያውቃል። ተራው ሁሉ ያውቃል። ሳጥኑን ከኔ ይወስዱና "ታምሩ አይቶታል?" ይላሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ሕፃን ከጀርባዬ እየተጠቃቀሱ አኑረውኛል።

ምሳ አልበላሁም። ሰሚራ ሳህኑን ከድና ትታው ሄደች፣ አልለመነችኝም። ይሄም አናደደኝ።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ውሸታቸውን በወረቀት አስመስክሬ ፊታቸው ላይ ልወረውረው ነው የሄድኩት።

ጳውሎስ አካባቢ ያለ የጆሮ ክሊኒክ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ወፍራም በር፣ ማዳመጫ፣ አንድ ቁልፍ። "ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ" አለችኝ ልጅቷ በመስታወቱ ማዶ። ለቀጭኖቹ ድምፆች ሁሉ ተጫንኩ፤ ፈጣን ነኝ፣ ፈተና ያለፍኩ መሰለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። ማሽኑ ቆሟል ብዬ በመስታወቱ አየኋት፤ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። "ቀሪውን አልጀመርሽም እንዴ?" አልኳት።

"ጨርሰናል" አለችኝ።

ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ትሁት ሰው ነው። ከጆሮዬ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት እየደረቀች ሳይሆን አይቀርም አለ፤ መጀመሪያ የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ከሙዚቃው አይደለም፣ በዘር ይመጣል። "ከቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ሰው አለ?" አለኝ። አባቴ ሲጠሩት አይመልስም ነበር። ኩሩ ነው እንል ነበር።

ኦፕሬሽን ሊኖር ይችላል፣ ማዳመጫ መሣሪያም አለ፣ ሌላ ምርመራ ይቀራል። የሰጠኝ ወረቀት ላይ መስመሩ ከግራ ዝቅ ብሎ ይነሳና ወደ ቀኝ እንደ እንጦጦ ዳገት ይወጣል። ዝቅ ያለው ቦታ ወፍራሙ ድምፅ፣ የኔ ሥራ ያለበት ነው።

ስለዚህ ታምሩ ልክ ነው። ግን ልክ መሆኑ አላበረደኝም። እንዲያውም ባሰብኝ። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እጠላውና እገላገላለሁ። ረቡዕ ዕለት 22 ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ደስታ እያየ "አሪፍ ነው" ብሎኛል።

እሁድ

ብቻዬን ልሆን ወርክሾፕ ሄድኩ። ታምሩን ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ቁልፉን ትቶ ስለሄደ መግባት አልቻለም። ከፈትኩ። ገባ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ መልሶ አጣጠፈው።

"ለምን ፊት ለፊት አልነገርከኝም?"

"አንዴ ጀምሬ ነበር። መዶሻ ወረወርክ።"

እውነቱን ነው፣ ወርውሬያለሁ። ወደ ግድግዳው ነበር። "ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ ብቻ?" አልኩት።

ያልጠበቅኩትን ተናገረ። "ፈራሁ። ሰው የሚመጣው ከድር ብሎ ነው። የከድር ጆሮ ሄደ ከተባለ እኔ ምንድን ነኝ? ሽቦ ዘርጊ። ላንተ ብዬ ብቻ አይደለም፣ አልዋሽህም።"

ከሰኞ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀጥተኛ ነገር ይህ ነው። ይቅር አልኩህ አላልኩትም፤ በልቤም ይቅር አላልኩም። ከዛሬ ጀምሮ እኔ በሌለሁበት አንድ ቱቦ ብትነካ አበቃ አልኩት። እሺ አለ።

ለማክሰኞ የሚፈለግ የአንድ የቤት መኪና ሳጥን አለ፣ ሃምሳ አምስት ሊትር፣ በስሌት 27። ስፒከሩን አሰርኩ፣ 33 አድርጌ አስገባሁ፣ ዘፈኑን ከፈትኩ። መጋዙን እኔ ያዝኩ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አዳመጠ። 32። 31። 30። ለኔ ሁሉም ያው ነው፣ ባዶ። 29 ላይ "በቃ" አለ።

"ስሌቱ 27 ነው" አልኩ። ቢያንስ ስሌቱ የኔ ነበር።

"እስከ 27 መቁረጥ ይበዛል። ስማው እስቲ..." አለና አፉን ያዘ።

ሁለታችንም ቆምን። ዘፈኑ መሄዱን ቀጥሏል፤ ዘፋኙን እሰማለሁ፣ ክራሩን እሰማለሁ፣ ከሥራቸው ምንም የለም። ታምሩ አንገቱን ደፍቷል። ሁለት ሴንቲሜትር ልቁረጥ ብል አይከለክለኝም ነበር። ስሌቱ ከኔ ጎን ነው፣ መጋዙም እጄ ላይ ነው፣ ይህን ሰውዬ ደግሞ አላምነውም።

29 ላይ ተውኩት።