«ተቀብያለሁ» የምትለዋን ቃል መንገድ ላይ ላስቀረው መረባችሁ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመረብ አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህች ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ የቆላው ሙቀታችን ቢሮዎ ድረስ ሳይዘልቅ እጅዎ እንድትገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አብዱሰላም ኢብሮ የተባልሁ የሽንኩርት ነጋዴ ስሆን፣ የምጽፍልዎም ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው።

1ኛ/ ባለፈው ዓርብ የልጄ የሐያት ኒካሕ ነበር። ሙሽራው ሙዐዊያ ጅዳ ሹፌር ሆኖ የሚሠራ ሲሆን፣ አሠሪው ፈቃድ ስለከለከለው ኒካሑ በኢንተርኔት እንዲታሰር ተስማማን። ሼሁ፣ ምስክሮቹና የሙሽራው እናት እትዬ ራቢዓ፣ ሁላችንም የሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሙዐዊያ ስክሪኑ ላይ ኮፍያውን ደፍቶ ፈገግ ብሏል። እኔም «ልጄን ሐያትን ድሬልሃለሁ፤ ተቀብለሃል?» አልሁት። አፉን እንደከፈተ ምስሉ ደርቆ ቀረ።

ስለ ዝምታው ርዝመት ምስጋናዬ ይድረስዎ። እትዬ ራቢዓ በላብ ተጠመቁ። አንዱ እንግዳ «ልጁ ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የነበረችው ሐያት ሰማችው። «አባዬ፣ ካልፈለገኝ ይቅር፤ ብቻ ሰው አይሳቅብን» አለችኝ። ይህን ከልጅ አፍ መስማት ምን እንደሚመስል፣ ልጅ ካለዎት አይጠፋዎትም። እንዳንደውልለት ስልኩም የሚያልፈው በዚያው መስመር ሆኖ ተገኘ።

ሼሁ ሊነሱ ሲሉ ግን ከኮምፒዩተሩ ጩኸት ወጣ። «ኧረ ተቀብያለሁ! ተቀብያለሁ አልኳችሁ እኮ! ምነው ዝም አላችሁኝ?» ለካ እሱም የእኛ ዝምታ እምቢታ መስሎት ሲጮህ ኖሯል! ድምፁ ሻክሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሐያት ሳቋ አመለጣት፤ እትዬ ራቢዓ እልልታቸውን አቀለጡት። በከተማችን ሚስቱን እንዲህ ደጋግሞ የተቀበለ ባል የለም፤ ለዚህም ባለውለታችን እርስዎ ነዎት።

2ኛ/ በማግሥቱ ባለሙያዎ በትሕትና አስረዱኝ። ጣርማ በር ላይ መስመሩ ተቆርጦ ነበር አሉ። በደሴ በኩል ሌላ መንገድ እያለ፣ የእናንተ መረብና ከእሱ ጋር የተያያዘው የጎረቤት መረብ መቆረጡን እኩል አልሰሙም። አንዱ «በእሱ በኩል ሂድ» ሲል ሌላው «በዚያኛው በኩል ተመለስ» እያለ፣ አዲሱን መንገድ እስኪስማሙበት ድረስ የሙዐዊያን ቃል ሲቀባበሉት ቆዩ። ሁለት መረቦች እስኪስማሙ ሁለት ቤተሰቦች ሊጣሉ ምን ቀራቸው? መስማማታቸውን ግን አደንቃለሁ፤ እኔና ወንድሜ በእርሻ ድንበር እስካሁን አልተስማማንም።

በራሱ ትዕግሥት እጅግ የሚደነቅ፣ ምንጊዜም ደንበኛዎ፣
አብዱሰላም ኢብሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙዐዊያ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ በሰርጉ ላይ እንዲገኙልን በክብር ጠርተንዎታል። የጥሪ ወረቀቱን በመረባችሁ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ሰርጉ እንዳያመልጥዎ ብዬ ግን ከዚሁ ከአጠገባችን ከጀውሃ ሽንኩርት ጭኖ ወደ እናንተ በሚወጣ መኪና ልኬዋለሁ።