በራሱ ወደ ሽንኩርቱ

ጥር 6
ሙቀት። መጋዘኑ ሽንኩርት ሞልቷል፤ የበሰበሰው ይሸታል። ባሌም እንደዚያው ነው፤ ላዩ ደህና፣ ውስጡ... ዛሬ አልመታኝም። ገበያው ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ጥር 9
ለጥቂት ተረፍኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ለተደበደቡ ሴቶች መጠለያ ያለው አንድ ማኅበር አለ። ትናንት ገጹን በስልኬ ከፈትኩ። የቤታችን ዋይፋይ ግን የባሌ ወንድም የአብዱልሃዲ ነው፤ ጎረቤት ሱቁ ተቀምጦ ማን የት እንደገባ ያያል። ዛሬ በራችን ላይ ቆሞ፣
«ነዒማ፣ መጠለያ ምን ያደርግልሻል? ቤት የለሽም እንዴ?» አለኝ። ፈገግ ብሎ።
ለባሌ ለአብዱልሰመድ አልነገረውም። ቢነግረው ኖሮ ይሄኔ ጥርሴን እየለቀምኩ ነበር። ምን እየጠበቀ ይሆን?

ጥር 11
ትዕግሥት ጋ ሄድኩ። አብረን ነው የተማርነው፤ አሁን ኮምፒውተር ቤት ትሠራለች። ቶር የሚባል ብሮውዘር ጫነችልኝ።
«ማኅበሩ ሁለት አድራሻ አለው» አለችኝ። «አንዱ ማንም የሚከፍተው፣ የአደባባዩ ነው። ሁለተኛው ሽንኩርት ይባላል፤ በቶር ብቻ ነው የሚከፈተው። በዚያ ስትገቢ አብዱልሃዲ የት እንደገባሽ አያውቅም።»
«ባምታታውስ?»
«አታምታቺውም። ይቺን የብሮውዘሩን ሴቲንግ አብርቼልሻለሁ። የአደባባዩን ብትጽፊም በራሱ ወደ ሽንኩርቱ ይወስድሻል።»
ሳቄ መጣ። ከሽንኩርት ነጋዴ ለማምለጥ በሽንኩርት!
«ምነው ሌላ ስም አጡ?»
«ልጣጭ በልጣጭ ተሸፍኖ ነዋ።»
ስሙን ያወጣው ፈረንጅ የሽንኩርት አገራችንን ሸዋ ሮቢትን አያውቃትም።

ጥር 16
ሠራ! የአደባባዩን አድራሻ ጻፍኩ... ትንሽ ተንቀራፈፈና ወሰደኝ። ከአድራሻው ጎን የሽንኩርት ሥዕል ወጣ። ሁሉንም ነገር ጻፍኩላቸው። መለሱልኝ፤ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ። አንዴ ትተሻት ከወጣሽ ማስመለሱ ይከብዳል።»
ሩቂያን ትቼ? ሞቼ እገኛለሁ።
ማታ አብዱልሃዲ «መጠለያው ሰለቸሽ እንዴ?» አለኝ። አላየም!

ጥር 22
በግራ ዓይኔ አላይም። አብጦ ተደፍኗል።
ገጹን እየከፈትኩ ሳለ ትዕግሥት የድምፅ መልእክት ላከች። እኔ ጅል፣ ጮክ አድርጌ ከፈትኩት። «ሽንኩርቱ ተቀበለሽ? መቼ ነው የምትጭኚው?» ዕቃሽን ማለቷ ነው። አብዱልሰመድ ከኋላዬ ነበር። ስልኩን ነጠቀኝ። ገጹ ገና አልመጣም፤ ሥዕሉ ብቻ። ሽንኩርት።
«ለካ ከመጋዘኔ የሚጎድለው በአንቺ ነው! ለማን ነው የምትሸጪው?»
ከመጋዘኑ የሚጎድል ነገር እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። መታኝ። ከዚያ ስልኩን በድንጋይ ፈጨው። አልሃምዱሊላህ፣ ገጹን ሳያነብ።

ጥር 24
ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሸሁ «ልጄ፣ እውነቱን ተናገሪ። ሰርቀሻል?» አሉኝ።
አልሰረቅኩም ብል «ታዲያ ያ ሽንኩርት ምንድን ነው?» ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ሩቂያንም መውጫዬንም አጣለሁ...
«አዎ፣ ሸጫለሁ። አውፍ በሉኝ፣ አባቴ» አልኳቸው።
ለካ እንዲህም ሆኖ ላጣት ነው። ሌባ እናት ልጅ አታሳድግም ተባለ። ጀውሃ፣ የአባቷ እናት ዘንድ ትሂድ አሉ።
ልብሷን በፌስታል አደረግኩላት። ባጃጅ ላይ ስትወጣ፣
«እማ፣ ለምን ሰረቅሽ?» አለችኝ።
ምን ልበላት?

ጥር 27
አብዱልሰመድ ገበያ ነው። አብዱልሃዲ ገብቶ ተቀመጠ።
«አንቺ እንዳልሰረቅሽ እኔ አውቃለሁ» አለኝ። «ለዚያ መጠለያ ስትዪ ነው የዋሸሽው። ለወንድሜ ልንገረው?»
«እንዳልሰረቅኩ በምን አወቅህ?»
ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።
አጅሬ! የመጋዘኑ ትርፍ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ነው። በእሱ ሌብነት ነው ዓይኔ ያበጠው። በእሱ ሌብነት ነው ልጄ ሌባ ብላኝ የሄደችው።
«ልጄን ከጀውሃ አምጣና አዲስ አበባ መኪና ላይ ጫነን። ዝም እላለሁ።»
«ወላሂ በይ።»
«ወላሂ።»

የካቲት 3
አዲስ አበባ። መጠለያው። ሩቂያ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ትጫወታለች። እንዳልሰረቅኩ ነግሬያታለሁ። ያመነችኝ አይመስለኝም።
አብዱልሃዲ ቃሉን ጠበቀ። ለሩቂያ ብስኩት ሁሉ ገዝቶላት ነው የሸኘን።
የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን ከረዳቱ ስልክ ለምኜ አብዱልሰመድ ጋ ደወልኩ። «ሽንኩርትህን ሲሸጥ የነበረው ወንድምህ ነው። ትርፍ ቁልፉን ጠይቀው» አልኩትና ዘጋሁ።
ዛሬ ትዕግሥት በመጠለያው ስልክ ነገረችኝ። አብዱልሰመድ ወንድሙን በመጋዘኑ መዝጊያ ብረት ነው የመታው። ሁለቱም እጆቹ ተሰብረዋል፤ ሚስቱ ናት የምታጎርሰው።
«ምን አደረገሽ፣ ነዒማ? አደረሰሽ አይደል?» አለችኝ።
አዎ፣ አደረሰኝ። የአብዱልሰመድ ዱላ እንዴት እንደሚያርፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቅኩ ነው የደወልኩት።
ከፋኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልከፋኝም።