ፀሐይ ወጥታ ሳለ ስለመጣው ጎርፍ

ለተከበሩ ኢንጂነር ኦስሚን ባራኦና
የታችኛው ሸለቆ ጎርፍ መከላከያ ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት ደረቅ ስፍራ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልሁ፣ የእግርዎንም ጤንነት ለይቼ እጠይቃለሁ። አውሎ ነፋሱ ካለፈ ወዲህ ወደ መንደራችን ወደ ሎስ ሂካሮስ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቱንም ጊዜ ከመኪናዎ ሳይወርዱ በመስኮት ስላነጋገሩን፣ እግራቸውን አሟቸው ይሆን ብለን ሰግተናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። መቶ አርባ ሰዎች ቦርዶ በምንለው የአፈር ክትር ላይ ላስቲክ ወጥረን፣ ከዶሮዎቻችንና ከአንዲት እርጉዝ አሳማ ጋር እንኖራለን። እህቴ ቻቤላ ግን የለችም።

ኒንፋ ኦሬያና እባላለሁ። ይህንን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በእጄ ወስጄ ለጸሐፊዎ የሰጠኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «አልደረሱንም» ስለተባልሁ ነው። የምጽፈውም ስለ ጎረቤታችን ስለ ዶን ካታሪኖ ነው። የፊታችን ዓርብ ሰዎችዎ የሚያስፈርሟቸው ወረቀት፣ እህቴ የሞተችው እርሳቸው የውሃውን ልክ አሳስተው በማንበባቸው መሆኑን የሚያምኑበት ወረቀት ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዶን ካታሪኖ ጎርፍ በመጣ ቁጥር በየአንድ ጣት ስፋት በቢላ ምልክት የተደረገበት ካስማ ውሃው ዳር ይተክላሉ፤ በየሰዓቱም እያነበቡ ለሁላችንም ይጮኻሉ። ሬዲዮው ስለ ትልልቆቹ ከተሞች ሲያወራ እኛ የምንሰማው እርሳቸውን ነው። ሐሙስ ዕለት፣ ዝናቡ ከቆመ አንድ ሙሉ ቀን አልፎት፣ እኩለ ቀን ላይ «አራት ጣት ወርዷል! ቤቱ ዕቃ የቀረው ከቦርዶው ይውረድ፤ ግን እንዳትዘገዩ፣ ሰምታችኋል?» አሉ። ቻቤላ ለስድስተኛ ክፍል ተመራቂ ልጃገረዶች የጀመረቻቸው ነጫጭ ቀሚሶች ከስፌት መኪናዋ ጋር ቤት ቀርተውባት ነበርና ልብሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወረደች። «ባቄላውን እንዳታሳርሪው ደግሞ! አንቺን አምኖ ድስት የጣደ!» ብላኝ ሄደች። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ጥላዬ መሬት ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየኝ፣ ካስማው በሩብ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሰጠመ። እሷን በማግስቱ አገኘናት።

አሁን በታላቅ አክብሮት ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ሪፖርትዎ የዚያን ቀን ውሃ «ከአውሎ ነፋሱ ዝናብ የመነጨ የተፈጥሮ ጭማሪ» መሆኑን ስለገለጸልን እናመሰግናለን። ያልተማርን ሰዎች በመሆናችን፣ ልብሳችንን አስጥተን ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ዝናብ ላይ እንደነበርን ሳናውቅ ቀርተናል። ተራራው ላይ ዘንቦ ይሆናል እንዳይሉኝ፣ የተራራ ውሃ ወደ እኛ የሚደርሰው ቀይ ጭቃ ይዞ ነው። ያ ውሃ ግን የጠቆረ ነበር፣ የቆየ ኩሬም ይሸት ነበር፤ እንቦጭም ይዞ ነበር።

2. ስለ እንቦጩ ልዩ ምስጋና አለኝ። በእኛ ወንዝ ውስጥ እንቦጭ የለም። ያለው ከላይ፣ ቦርድዎ በሚቆልፈው የግድብ የብረት በር ጀርባ በተጠራቀመው ውሃ ላይ ብቻ ነው፤ ያ ውሃ ሲሞላ ደግሞ ወይ በሩ ይከፈታል፣ ወይ ማዶ ያሉት የቦርድ አባላት የሙዝ እርሻዎች ይሰጥማሉ። እርሻዎቹ ሳይነኩ በመትረፋቸው ከልብ ደስ ብሎናል። እህቴን ስናገኛት የስፌት መኪናው ላይ እንቦጭ ተጠምጥሞበት ነበር፤ ነጫጮቹም ቀሚሶች በእንቦጭ ሥር ተተብትበው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና የሚጠጣ ውሃ እንኳ ሳይላክልን፣ ሃያ ሠራተኞች ልከው እንቦጩን ብቻ አንድ በአንድ አስለቀሙልን። ጭቃውን አልነኩትም፣ የወደቀውን ግድግዳ አልነኩትም፣ የሞተ ውሻ ተራምደው አልፈዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ኑሮዬ ቦርዱ መንደራችንን ሲያጸዳ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን እያሰብሁበት ነው።

3. ለዶን ካታሪኖ ስለተላከው ፍራሽ። መቶ አርባ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ለእርሳቸው ብቻ አዲስ ፍራሽ ሲመጣ ነገሩ ሸተተኝ፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ወረቀቱ ሲከተል ደግሞ ሽታው ከየት እንደሆነ ገባኝ። ስማቸውም በወረቀቱ ላይ ቀድሞ ታትሞ ነበር፣ እኛን ማንም ምንም ሳይጠይቀን። ሽማግሌው ፍራሹ ላይ አልተኙበትም። ምግብም እምቢ ብለዋል። «ውረጂ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ልፈርምላቸውና ይገላገሉ» ይላሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር በሩ ሲከፈት በዓይኔ አላየሁም። ቻቤላም ተጠራጣሪነቴን ታውቀው ነበር፤ «አንቺ እኮ ቅዱሱንም ኪሱን ሳትፈትሺ አትሳለሚም» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ ራሴንም ጠርጥሬ ወደ ቢሮዎ መጣሁና በሩ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት የሚያሳየውን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ለመንሁ። ጸሐፊዎ «መዝገቡ በጎርፉ ረጥቦ ተበላሽቷል፣ እናቴ» አለኝ፤ ይህንን ያለኝ ኮረብታው ላይ ባለው ሕንፃችሁ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ነው። እዚያ ድረስ የወጣ ጎርፍ እኛን በሕይወት ማስተረፉ እጅግ ይደንቃል።

አራተኛ ነጥብ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። እህቴን የቀበርኋት እኔ ነኝ። በሞቷ ልቆጣ የሚገባኝ ሰው ካለ እኔ መርጬ ልቆጣው፤ ቦርዱ እንዲመርጥልኝ አልፈልግም። የሞቷን ዕዳ ስድሳ ዓመት ሙዝ ሲሸከሙ ትከሻቸው በጎበጠ ሰው ላይ ጭናችሁ ፋይሉን ስትዘጉ ዝም ብዬ ብመለከት፣ እሷን ሁለተኛ እንዳሰጠምኋት እቆጥረዋለሁ።

ለጊዜዎ፣ ለፍራሹና ለእንቦጩ ጽዳት ደግሜ እያመሰገንሁ፣ እግርዎን እግዚአብሔር እንዲፈውስልዎ፣ መዝገብዎንም ቶሎ እንዲያደርቅልዎ ከልብ በመመኘት፣

እርስዎን ከሩቅ በታላቅ ትጋት የምትመለከት፣
ኒንፋ ኦሬያና
ከሎስ ሂካሮስ፣ ከቦርዶው ላይ

ማስታወሻ፦ ሰዎችዎ ለዓርቡ ፊርማ ወደ መንደራችን እንዳይለፉ። ሌላ አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን ሬዲዮ ስለተናገረ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሩ ሲከፈት በዓይናችን እንድናይ ሁለት ሁለት እየሆንን በብረት በርዎ ፊት ለፊት በተራ እንቀመጣለን፤ ድስታችንንም ይዘናል። ዘበኛዎ ጭሱ ከከበደው ይቅርታ ይጠየቅልን። ዶን ካታሪኖ መጀመሪያ አልመጣም ብለው ነበር፤ «በእኔ ዓይን ማን ያምናል ከእንግዲህ?» አሉኝ። እኔ አምናለሁ አልኋቸውና እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። የመጀመሪያው ተራ የእኔና የእርሳቸው ነው፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጠው ባቄላ እየበሉ ነው።