የወንድሜ ኩላሊት

ነሐሴ 26፣ ጠዋት፣ ወልቂጤ

የቡላ ገንፎ። ከዚያ ክኒን። ክኒኑ እጄን ስለሚያንቀጠቅጠው እማዬ ናት የምታጎርሰኝ። ከእምድብር ከመጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው።

ማስታወሻዬ፣ ትናንት ዶ/ሩ ከአ.አ. ደወለ። ደሜ ውስጥ ቫይረስ በዝቷል። ከውጭ የመጣ እንዳይመስልሽ አለኝ። ከልጅነቴ አብሮኝ የኖረ፣ በብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ ያለ። ወንድሜ ሳሚ የሰጠኝን ኩላሊት ሰውነቴ እንዳይገፋው የምውጣቸው ሁለት ክኒኖች መከላከያዬን አደከሙት፣ ቫይረሱ ነቃ። ኩላሊቱን እየበላው ነው። ከሁለቱ ክኒኖች አንዱን አቁሚ፣ ሌላውን ግን እንዳትነኪ አለኝ። መከላከያው ሲደክም ቫይረሱ፣ ሲበረታ የገዛ ሰውነቴ ኩላሊቱን ያጠፋዋል። የት አባቴ ልግባ?

ነሐሴ 27

ለእማዬ አስረዳኋት። አስተማሪ አይደለሁ! ክኒኑ ዘበኛውን ያስተኛዋል፣ ያኔ ሌባው ይነሳል አልኳት።  ጌታ ያውቃል አለች፣ ጸለየችልኝ።

ሳሚ ቡታጅራ ካለው የብየዳ ቤቱ ደወለ። "ኩላሊቴ እንዴት አደረች?" ቀልዱ ሁሌ ይቺ ናት። ደህና ናት አልኩት። ምን ልበለው?

መስከረም 5

እጄ መንቀጥቀጡን ተወ፣ አንዱን ክኒን ስላቆምኩ ይመስለኛል! እማዬ እልል አለች፣ ማጉረሷን ግን አልተወችም። መስቀልን እምድብር፣ አባታችሁ ቤት እንውላለን፣ ያንቺን ክትፎ በደንብ አበስለዋለሁ ትላለች። ደስ አለኝ። ፈራሁም።

መስከረም 14፣ ከሰዓት

እግሬ አብጧል። ሽንት የለም ማለት ይቻላል። የደሜ ውጤት መጣ፤ ቫይረሱ መቀነስ ጀምሯል፣ ኩላሊቱ ግን ሥራ እያቆመ ነው። ዶ/ሩ ደውሎ ሁለተኛውንም ክኒን አቁመሻል ወይ አለኝ። በፍጹም! ተቆጣሁት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ።

ማታ

ተናገረች። በክኒኑ ፋንታ ቫይታሚን ነበር የምታጎርሰኝ። ዘበኛው ይንቃ ብዬ ነው ልጄ አለች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። ጮህኩባት። ምን አደረግሽኝ አልኳት። ከዚያ አብረን አለቀስን። ወይኔ እናቴ! አንዱ ልጇ የሰጠውን ሌላዋ ሆድ ውስጥ አጠፋችው። እኔን ላድን ብላ።

መስከረም 15፣ ጠዋት

አ.አ. እሄዳለሁ። ዶ/ሩ በመርፌ እንሞክራለን፣ ቃል ግን አልገባልሽም ብሏል። ሳሚ መኪና ተከራይቶ እየመጣ ነው። እማዬ እኔው ልንገረው ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አይሆንም አልኳት። እሱ ቂም ከያዘባት አትኖርም፣ አውቃታለሁ።

መንገድ ላይ መጠየቁ አይቀርም። ክኒኑን ማን አቋረጠው ይለኛል። እኔ ነኝ፣ ሰለቸኝ እለዋለሁ። ይጥላኝ።