ድንኳን ውስጥ ያወራሁት ጀግንነትህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ መስቀል ደረሰ። እማዬ ደህና ናት፤ ጥቁሯን ግን አላወለቀችም። ከመካኒሳ አቦ ስትመለስ አሁንም አንተ እንድትከፍትላት በሩን ታንኳኳለች፣ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ። ጓሮ የተከልከው ግራር የመብራት ሽቦ ነካ ተብሎ ቅርንጫፉ ተቆረጠ። እንዳትቆጣ፣ ግንዱን አላስነካሁም።

ልጽፍልህ እየተነሳሁ ስንቴ እንደተውኩት አትጠይቀኝ። አፍሬ ነው።

በሰልስትህ ዕለት ከስምጥ ሸለቆ ጥቂት ሽማግሌዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አቧራ ለብሰዋል፣ አላውቃቸውም። ድንኳኑ በር አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ረሳኋቸው። ከዚያ አንዱ ጎረቤት ስለ ሥራህ ጠየቀኝ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ስላንተ ለማውራት ሁለቴ አልጠየቅም። በደርግ ዘመን የፓርክ ጠባቂ ሳለህ ከብታቸውን ይዘው የገቡትን ሰዎች ጎጇቸውን አቃጥለህ እንዴት እንዳባረርካቸው አወራሁ። እጄን እያወናጨፍኩ፣ እየሳቅኩም ጭምር። እሱ ባይኖር አንድ ቆርኬ አይተርፍም ነበር አልኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ንፍሯቸውን ይበላሉ።

ታክሲ ድረስ ስሸኛቸው ትልቁ፣ ኦቦ ከድር፣ ከተቃጠሉት ጎጆዎች አንዱ የእሱ እንደነበር ነገረኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሱ ግን አልጨረሰም። መንግሥት ሲለወጥ የተባረሩት በንዴት ተመልሰው ዛፉን ጨፈጨፉት፣ አውሬውን አደኑት። አንተ ያኔ ሥራውን ለቀህ ነበር። ብቻህን ሄደህ ይቅርታ ጠየቅካቸው። በየዓመቱ ወገቤን ፍል ውሃ ልነከር እያልክ የምትጠፋው ለካ እነሱ ዘንድ ኖሯል! ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ተስማማችሁ፦ በድርቅ ጊዜ ከብቱ ገብቶ ይግጣል፣ ቆርኬዎቹ በሚወልዱበት ወቅት ግን ሜዳውን ማንም አይረግጥም። ዛሬ ሜዳውን የሚጠብቁት ያኔ ያድኑ የነበሩት ጎረምሶች ናቸው። ዘንድሮ የቆርኬ ግልገሎች በብዛት መታየት ጀምረዋል አለኝ።

አባዬ፣ አንተ ይቅርታ የጠየቅክበትን ነገር፣ ይቅር ባሉህ ሰዎች ፊት እንደ ሙያ ቆጠርኩልህ። እነሱ እንደ ዘመድ ሊያለቅሱልህ መጥተው።

አንተንም እቀየምሃለሁ። ለምን አልነገርከንም? ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ታሪክ ሳወራ ተነስተህ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አፍረህ ነበር፣ አይደል? እኔ ደግሞ በኀፍረትህ ስኮራ ኖርኩ።

በአርባህም ጎረቤቶች ያን ታሪክ ድገሚልን አሉኝ። ደክሞኛል ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ፤ ይሄም ሌላ ኀፍረት ነው።

አሁን ኦቦ ከድር ልኮብኛል። ከዝናቡ በኋላ በሚቀመጡት ሸንጎ ላይ ከቤተሰብህ አንድ ሰው በቦታህ እንዲገኝ ይፈልጋሉ። እማዬ ሂጂ ብላኛለች። ከነገ ወዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ስላንተ ሳይሆን ስለ ራሴ አፍ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም፤ ዝም ብዬ መስማት ሳይሻለኝ አይቀርም።

ስመለስ ለጎረቤቶቹ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ እሳቱንም ሳልደብቅ። እስከ ዛሬ ሳስብህ ጠመንጃ አንግተህ ነበር የምትታየኝ። ከእንግዲህ የማስታውስህ ባዶ እጅህን፣ ጎጆውን ያቃጠልክበት ሰው ደጅ ቆመህ ነው።

ልጅህ ሰብለ