ለእናትሽ የተውለበለበ መሐረብ

ለልጄ ለኤፍዋ፣

ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘ ጌታ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኔ ደኅና ነኝ። አክስትሽ ማንሳ የበቆሎ ኬንኬ እያመጣች «ብላ እንጂ፣ ከሳህ» ትለኛለች። አንቺስ ትኩስ ነገር ትበያለሽ?

እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጥቁር ለብሼ፣ ሬዲዮኑንም ዘግቼ ከረምኩ። የፍቅር ዘፈን መስማት እሷን መክዳት ይመስለኝ ነበር። እሑድ ዓመቷ ሞልቶ፣ ነጭ ለብሰን ለምስጋና ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከጸሎት በኋላ ግቢው ውስጥ የሙዚቃ ባንድ የሠርጋችንን የሃይላይፍ ዘፈን፣ ያንን «አንቺ ስትመጪ ልቤ ይስቃል» የሚለውን ጀመረ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

«አንተ ሰውዬ! እግርህም ሐዘን ተቀምጧል እንዴ?» አለች ማንሳ። ሰው ሁሉ ሣቀ።

ተነሣሁ። በቀኜ የእናትሽን ቦታ ትቼ ጨፈርኩ። ሴቶቹ ጥሩ ለሚጨፍር እንደሚደረገው መሐረባቸውን ከራሴ በላይ አውለበለቡ። ማንሳ ግን የራሷን መሐረብ ባዶው ቦታ ላይ አውለበለበች። እያለቀስኩ ሣቅሁ፤ እግዚአብሔርም የተቆጣኝ አልመሰለኝም።

አሁን ሬዲዮኑ ተከፍቷል። ጌታ አብሮሽ የሚጨፍር ባል ይስጥሽ፣ ልጄ። ለገና ስትመጪ የወሰድሽውን የእናትሽን መሐረብ እንዳትረሺ፤ አንቺም እንድታውለበልቢልን ነው።

አባትሽ ኮቢና