ሠላሳ ሺህ የሳሙና ካርቶን

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ተራ ቀን። ጠዋት ሁለት የመድኃኒት ካርቶን አርሜ ለማሽን ሰጠሁ። ከሰዓት እህቴ ማተሚያ ቤት መጣች፤ የሕፃን ሳሙናዋን በፌስታል ይዛ። ትልቁ ሱፐርማርኬት ሊረከባት ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ካርቶኑ ላይ የላቦራቶሪ ውጤቱን የሚያሳይ ኪውአር ኮድ።
«ጋሼ፣ ይቺ ጉንዳን የወረራት የመሰለች ነገር ግድ ናት?»
«ግድ ናት።»
«በል ትንሽ አድርጋት። የሕፃኑን ፊት እንዳትጋርድብኝ።»
ሁለት ሴንቲሜትር በሁለት፣ ዙሪያዋን ነጭ ክፍተት። ከዚያ አላሳንስም አልኳት። አኮረፈች። ሻይ ስጋብዛት ተወችው።

ዓርብ፣ ጥር 9
ኮዱ የሚከፍተውን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ አስቀየረችኝ። የራሷን ፎቶ አውጥታ የአራቱን ሠራተኞቿን አስገባች። ነገስ? የታተመ ኮድ ውስጡ ያለው አድራሻ አይለወጥም። ስለዚህ አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚሠራውን ዓይነት ሠራሁላት። ኮዱ መጀመሪያ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ እነሱ ወደ እሷ ገጽ ይመሩታል። መቶ ጊዜ ሐሳቧን ብትቀይር ካርቶኑ አይነካም። ስመዘገብ ኢሜይል ጠየቁኝ... ጋዜጣ ቤት ሳለሁ የከፈትኩትን፣ አሁን የማላየውን ሰጠሁ። ማስታወቂያ እንዳያጨናንቀኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 14
በአምስት ስልክ ሞከርን። መስታወቱ የተሰነጠቀውን የዘበኛውንም ጨምሮ። በደብዛዛ መብራት፣ ካርቶኑን አርጥበን። ሁሉም ከፈተ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው፣ ሚሊሜትር የሚለኝ ባልደረባዬ ሰለቸው።
«ሚሊሜትር፣ አሁንስ በቃህ ወይስ ከጎረቤት ስልክ እንዋስ?»
በቃኝ አልኩ። ፈረምኩ። ሠላሳ ሺህ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12
ሱፐርማርኬት ገባሁ። ሳሙናዋ መደርደሪያ ላይ ነው፣ በዓይን ቁመት። አንዲት እናት በስልኳ ኮዱን ስካን አደረገች። ፓስታ የምመርጥ መስዬ ጠበቅኩ። አነበበች... ሁለት ፍሬ ቅርጫቷ ውስጥ ጨመረች። እህቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት። «ምን ለብሳ ነበር?» አለችኝ። ይሄ ምን ይሠራላታል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18
በምሳ ሰዓት ደወለች።
«ጋሼ፣ ሳሙናዬ ቁማር ይከፍታል።»
«ምን?»
«ቁማር። ኳስ፣ ብር፣ ተወራረዱ የሚል። አንዲት እናት ሱፐርማርኬቱ ድረስ ሄዳ ጮኻባቸዋለች።»
መሳቢያዬ ውስጥ ከቀረው ናሙና ላይ ሞከርኩት። ቀይ ገጽ። ከዚያ ያንን ኢሜይል ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃሉን ለማስታወስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሦስት ማስጠንቀቂያ ነበረው። አገልግሎታችንን ልንዘጋ ነው፣ ኮዶቻችሁን አዛውሩ ይላል። የመጀመሪያው ከመጣ ወር አልፎታል። ዘግተው ሄደዋል፤ አድራሻቸውን ቁማር አጫዋቾች ገዝተውታል። በአምስት ስልክ ስሞክር አንድ ኢሜይል መክፈት አቃተኝ?

ዓርብ፣ መጋቢት 19
ሱፐርማርኬቱ ሳሙናውን በሙሉ አነሳ። ኮዱ ላይ የሚለጠፍ አዲስ ስቲከር አትሜ ለግዢ ኃላፊዋ ወሰድኩ። በትሕትና ነው ያነጋገረችኝ።
«አባቴ፣ ካርቶኑን ከነቁማሩ ፎቶ አንስተው ተቀባብለውታል። እኔስ ስቲከሩን ልለጥፍልዎት፤ ሳሙናውን ማን ሊገዛው?»
ጋዜጣ ላይ ስህተት ሲወጣ በማግስቱ እርማት እናወጣ ነበር፤ ሁለተኛ ገጽ፣ ታች። ይሄ የት ይወጣል?

እሑድ፣ መጋቢት 28
እህቴ ቤት። ጓሮ ባለው መሥሪያ ክፍል ውስጥ ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ከሠራተኞቿና ከባሏ ጋር ስቲከር ስንለጥፍ ዋልን። ለትንንሽ ሱቆች እንኳ ይሆናል ብለን። እሷ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር።
«ጋሼ፣ ተው። ጣትህን አሳመምከው።»
አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልንወጣ ስንል አንዷ ሠራተኛ «እትዬ፣ ነገ እንግባ?» አለቻት። እህቴ ዞራ እኔን አየችኝ። መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስል... የተረፈውን ስቲከር መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
ትንንሾቹ ሱቆችም አልወሰዱም። የተረፈው ካርቶን አሥራ ስድስት ሺህ ነው። የእህቴ ባል በፒክአፕ ጭኖ ወረቀት ወደሚፈጭበት ወሰደው። አብሬ ልጫንልህ አልኩት። «ግድ የለም፣ ተጭኗል» አለኝ። ግማሹ ገና መሬት ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
አለቃዬ አዲስ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የሕፃን ሳሙና። ማዘዣው ላይ «ኮዱ ከእኛ ተሠርቶ ይመጣል» የሚል አለ። ጥሩ። ከማዘዣው ጋር የመጣውን ሳሙና አሸተትኩት። አላመንኩም። ደግሜ አሸተትኩት። የእህቴ ባል ጋ ደወልኩ።
«አዎ፣ አሠራሩን ሸጠችላቸው። እዚያው ፋብሪካ መዛኝ አድርገው ቀጥረዋታል። ሳትነግርህ ቀረች?»
አልነገረችኝም። እሷ ጋ ደወልኩ። ከኋላዋ ማሽን ይጮሃል።
«ደህና ነህ ጋሼ? ወገብህስ?»
«ደህና ነኝ። ሳሙናሽ እጄ ላይ ነው።»
«የእኔ አይደለም እኮ አሁን።»
ሳሙናውን ማዘዣው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።
«በል ጋሼ፣ አለቃዬ መጣ» ብላ ዘጋችው።
አለቃዬ አለች። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። በዕድሜዋ አለቃ ኖሯት አያውቅም።